ጆንያ በር ላይ፣ ቄጤማ ወለል ላይ

መስከረም ሊጠባ ሲል እኛ መንገድ ላይ ያሉት በሮች አንድ በአንድ መልካቸው ይቀየራል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ 11 ዓመት ሆነኝ። እዚህ አገር የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሠራተኞች ቀን ነው። እሱ ካለፈ በቃ ሰመር አለቀ ይባላል፤ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ሰዉ ከምድር ቤት ካርቶኑን ያወጣና በሩን ማልበስ ይጀምራል። ብርቱካናማ፣ ቡኒ፣ የደረቀ ስንዴ የሚመስል ቢጫ። ደረጃው ላይ ዱባ። በሩ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ክብ ጉንጉን። ያ ጉንጉን ብዙ ጊዜ ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከጆንያ።

አዎ፣ ጆንያ። በርላፕ ይሉታል። ያው ቡና የሚጫንበት ጨርቅ ነው፤ ግን እንደ ሪባን በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም ቀለም ተነክሮ በጥቅል ይሸጣል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቆሜ በእጄ ነካሁት። ሽታው ራሱ አገር ቤት ወሰደኝ፣ እህል የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ፊት ለፊቴ አንዲት ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ጋራዣቸውን ከፍተው፣ ጠረጴዛው ላይ ጆንያ ዘርግተው ሲሠሩ አይቼ ጠጋ አልኩ። ለስድስት ዓመት ከሰላምታ ውጭ ብዙም አውርተን አናውቅም ነበር። ወንበር ሳቡልኝ።

መጀመሪያ ያሳዩኝ አቆራረጡን ነው። ዝም ብላችሁ መቀስ ብታስገቡበት ይወላገዳል፣ ሽመናው ላላ ያለ ነዋ። ስለዚህ መቁረጥ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ አንዲት ክር ትይዙና ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር ስባችሁ ታወጧታላችሁ። ክሯ የነበረችበት ቦታ ቀጭን መንገድ ሆኖ ይቀራል። መቀሱ በዚያ መንገድ ይሄዳል። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይላል። እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ሳይ እጄን በላኝ፣ እኔም ሞከርኩ፤ ክሯ ሁለቴ ተበጠሰችብኝ፣ በሦስተኛው እስከ ዳር ወጣች።

ጉንጉኑ የሽቦ ቀለበት አለው፤ ሦስት አራት ክብ ሽቦ እርስ በርሱ የተያያዘ። የጆንያውን ሪባን ከኋላ ይዛችሁ በሽቦዎቹ መሃል ወደ ፊት እየገፋችሁ እጥፍ እጥፍ ታደርጉታላችሁ። አንድ እጥፍ፣ ሌላ እጥፍ፣ ጠጋ ጠጋ አድርጎ። ሽቦው እስኪሸፈን ድረስ። አንዱ ጉንጉን ዘጠኝ አሥር ሜትር ሪባን ይበላል፣ አያችሁ፣ ትንሽ የሚመስለው ነገር። ከዚያ የጨርቅ አበባ ወይም ሪባን በኤሌክትሪክ በሚግል ሙጫ ይለጠፍበታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ጆንያ ቀዳዳ ስለሆነ ትኩሱ ሙጫ በቀዳዳው ሾልኮ ጣት ያቃጥላል። ከሥሩ እንጨት ነገር ይዛችሁ ነው መጫን ያለባችሁ።

የጨርቅ ዱባ ደግሞ አለ፣ እኔ የወደድኩት እሱን ነው። ጨርቁን ክብ አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ። ዳር ዳሩን በወፍራም ክር ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ትሰፉና ክሩን ስትስቡት እንደ ከረጢት አፉን ይሰበስባል። ውስጡ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ከሥር ትንሽ ምስር ወይም ሩዝ ካስገባችሁበት ረግቶ ይቀመጣል። ከዚያ በሲባጎ ከላይ ወደ ታች እየዞራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ስታስሩት የዱባው ጎድን ጎድን ይወጣል። አናቱ ላይ ቁራጭ እንጨት። አለቀ። ያረጀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ አንሶላ፣ የልጅ ቀሚስ ዱባ ይሆናል። ጎረቤቴ አንዱን ዱባ የሠሩት ከሟች ባለቤታቸው ሸሚዝ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተቀየረም፤ ዱባውን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡም።

የዚያን ቀን ማታ የሠራሁትን ጉንጉን ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ስልኩን ጠጋ አድርጋ አየችና ደነገጠች።

«ጆንያ ነው በር ላይ የሰቀልሽው? ምነው ልጄ፣ ጨርቅ አጣሽ?»

ጥያቄው ከልቧ ነው። አልፈረድኩባትም፤ ጆንያ እኛ ቤት ውስጥ ያለው ቦታ ሌላ ነው። ጤፍ ይጫንበታል፣ ከሰል ይመጣበታል፣ ሽንኩርት ይቀመጥበታል። ሲያረጅ ደጃፍ ላይ ተነጥፎ ጭቃ ይጠረግበታል። የባሰበት ደግሞ የዶሮ ቤት መጋረጃ ይሆናል፤ ደህናውን ቆራሌው ይገዛዋል። ዛሬ እሱም እየቀረ ነው፤ ቦታውን የወሰደው ፕላስቲኩ ነው፣ ማዳበሪያ የምንለው፣ ማዳበሪያ ይዞ ስለመጣ ስሙ በዚያው የቀረው። ከዚህም በላይ ሻካራ ጨርቅ መልበስ በቋንቋችን የሐዘንና የንስሐ ምልክት ነው። ማቅ ማለት ይኸው አይደል? የነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰው የጾሙትን እያነበበች ያደገች እናት፣ ልጇ በሰው አገር በሯ ላይ ጆንያ ሰቅላ ስታያት ብትደነግጥ እውነቷን ነው።

እዚህ ግን ሰዉ በጆንያው ውስጥ የሚያየው ገጠሩን ነው። እርሻውን፣ የእህል ጎተራውን፣ የአያቱን ቤት። ምናልባት አብዛኛው ሰው እርሻ ከተወ ሁለትና ሦስት ትውልድ አልፎታል፤ ለዚያ ነው ሻካራው ጨርቅ የሚናፈቀው። እኛ ገና ከጆንያው ሥር አልወጣንምና አይናፍቀንም። ቡና ቤቶች ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተወጥሮ ይታያል፤ ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ የሚል የታተመበት፣ 60 ኪሎ ቡና ከአገራችን የመጣበት። ባዶው ጆንያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ቃጫው ራሱ የኛ አይደለም፤ ጁት የሚባል ተክል ነው፣ በአብዛኛው የሚበቅለው ህንድና ባንግላዴሽ ነው። ግንዱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲላላ ልጡ ተልጦ ይፈተላል። ሳስበው ይገርመኛል። ባንግላዴሽ በቅሎ፣ ኢትዮጵያ ቡና ተሞልቶበት፣ ሜሪላንድ በር ላይ አበባ የሚሆን ጨርቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እዚህ ጌጡ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። የሚያየው መንገደኛው ነው፣ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ፣ ውሻውን ይዞ የሚያልፈው። ማንም ሳይገባ በዓሉን በበሩ በኩል ይቀበላል። እኔ ይህን እንደ ግብዝነት አላየውም። ሰው ለማያውቀው አላፊ አግዳሚ ስንት ሰዓት ቁጭ ብሎ መሥራቱ ደግነት ነው። ግን በሩ ዝግ ነው። የጎረቤቴን ጉንጉን ስድስት ዓመት አየሁ፣ ሳሎናቸውን አንድ ቀን አላየሁም።

አገር ቤት ተቃራኒው ነው። ከውጭ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ስትገባ ነው በዓሉ የሚቀበልህ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሶፋው ላይ የታጠበ ዳንቴል ተነጥፏል። ሁሉም ጌጥ ለገባ ሰው ነው። ማንም አይቶ እንዲያልፍ አልተሠራም።

ቆይታውም ይለያያል። ቄጤማ ለሁለት ቀን ነው፤ ይጠወልጋል፣ ተጠርጎ ይጣላል። የዛሬ ዓመት እንደገና ትኩሱ ይመጣል። የጎረቤቴ ጌጥ ግን በካርቶን ተቀምጦ፣ ካርቶኑ ላይ ወሩ ተጽፎ፣ ዓመት ጠብቆ ይወጣል። ለኦክቶበር መጨረሻ ሌላ፣ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ለሚከበረው የምስጋና ቀን ሌላ፣ ለገና ቀይና አረንጓዴ፣ ለፌብሩዋሪ ልብ ልብ፣ ለጁላይ ሰማያዊና ቀይ። አንዱ የሽቦ ቀለበት ልብሱን እየቀያየረ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ጆንያ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል፣ ፀሐይ ካገኘው ይነጣል፣ ስለዚህ ደረቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሻማ አጠገብም አይደረግም፣ ቶሎ ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ይነካዋል። ሁለታችንም በዚያው ሰሞን ቢጫ እናበዛለን። እነሱ የሚረግፈውን ቅጠል ቀለም፣ እኛ የሚፈካውን የአደይን። እነሱ ዓመቱ ሊያልቅባቸው ነው፣ ለኛ ገና ሊጀምር።

የሚያሳዝነኝን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ለገና አዲስ አበባ ነበርኩ። የፕላስቲክ ጥድ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በረዶ አይቶ በማያውቅ ሳሎን ውስጥ ጥጥ በበረዶ ምትክ። ቄጤማው ሳይቀር ፕላስቲክ ሆኗል፤ ረከቦት ሥር የሚነጠፈው አረንጓዴ ምንጣፍ። አልወቅስም፣ እኔም እዚህ ቤቴ አንድ ነበረኝ፣ ቄጤማ ከየት ይምጣ ብዬ። ግን የዚያ ዓይነት ምንጣፍ አይሸትም። በእግርህ ስትረግጠው ያ ትኩስ ሽታ አይወጣም። እዚህ አገርም ፋብሪካ የሠራው ጌጥ ሞልቷል፤ ኦክቶበር ሳያልቅ የገናው ዕቃ መደርደሪያውን ይሞላዋል። ልዩነቱ፣ እዚህ በእጁ የሚሠራ ሰው የሚከበርና የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ጎረቤቴ ሲሠሩ ሰው ቆሞ ያያል። እኛ ጋ በእጅ መሥራት መግዛት ያቃተው ሰው ሥራ እየመሰለን ነው። የናቶቻችን ዳንቴል፣ ያ ስንት ማታ በኪሮሽ የተሠራው፣ «ያረጀ ነገር» ተብሎ ከሶፋው ላይ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ስፌት የምትችል ልጅ ደግሞ በሰፈራችን ፈልጌ አጣሁ።

ስፌትኮ የወቅት ሥራ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ ይነቀላል፣ አክርማ ይታጨዳል፣ ቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከዚያ እስከ በጋ ሴቱ ሁሉ ወስፌ ይዞ ተቀምጦ እያወጋ ይሰፋል። ጎረቤቴ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትም ይኸው ነው፤ ክር መሳብ፣ መክበብ፣ ማጥበቅ።

ያን ጊዜ ወደ አገር ቤት ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ባዶ የቡና ጆንያ ይዤ ነበር፣ ከቡና ቤት የገዛሁት፣ ይርጋጨፌ የተጻፈበት። እማዬ ዘርግታ አየችው። ክር ስቦ መቁረጡን አሳየኋት። እሷ ከኔ ፈጠነች። መነጽሯን አደረገች፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ የድሮ ካርቶን አወረደች፣ ውስጡ ከስንት ዓመት በፊት የተረፈ አለላ አለ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በወስፌዋ የጆንያውን ዳር እየወጋች አለላውን አስገባችበት።

«ይኼ እኮ ያልጠበቀ ስፌት ነው» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሠራችው። ስትጨርስ ውጭ በሩ ላይ እንስቀለው አልኳት።

«በር ላይ ምን ይሠራል? እንግዳ የሚያርፈው ውስጥ ነው።»

ሳሎን፣ ከሶፋው በላይ ሰቀለችው። አሁንም እዚያው ነው። ትንሿን ግማሽ ለኔ ሰጠችኝ፣ ይዣት መጥቼ የሽቦው ቀለበት መሃል አስገባኋት፣ ዙሪያውን ከቢጫ ጨርቅ አደይ ሠራሁበት። ባለፈው መስከረም 1 ስሰቅለው ጎረቤቴ መንገዱን ተሻግረው መጡና አለላውን በጣታቸው ዳሰሱት። ምን ዓይነት ክር ነው አሉኝ። ሣር ነው አልኳቸው። ግቡ፣ ቡና አፍልቻለሁ አልኳቸው፣ ገቡ።

ዘንድሮ አረንጓዴው አለላ በፀሐዩ ነጣ ብሏል። እማዬን እንድትልክልኝ ጠይቄያታለሁ፤ ስንደዶው ሲደርስ እልካለሁ ብላለች።