ብራናው ስልክ ውስጥ ገባ፤ አንባቢውስ?

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አንኮበር ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅም ከደብረ ብርሃን አብሮኝ መጣ። ቤታችን የኔታ ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ አዛውንት ናቸው። ጠላው እየተቀዳ ሳለ ልጁ ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳያቸው። እዚያው አንኮበር ካለ ቤተ ክርስቲያን የተነሳ የብራና ገጽ ነው። ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘው።

የኔታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ ሲያሳርፉ ገጹ ሸሸባቸው። ልጁ መለሰላቸው። ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ግዕዙን፣ ቀጥሎ ኅዳጉ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈውን አማርኛ። የርስት ጉዳይ ነው፤ ማን ለማን እንደሰጠ፣ እነማን እንደመሰከሩ። ድሮ ውልና ስጦታ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቦታ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ከዚያ የበለጠ የሚታመን መዝገብ አልነበረማ። ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። ገጹ ስልኩ ውስጥ ከገባ ወር አልፎታል፤ ምን እንደሚል የሰማው ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ልቤ ሁለት ቦታ ነው።

ደስ ብሎኛል፣ በጣም። የሸዋ አድባራት መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም መነሳት የጀመሩት የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ነው። ቅጂው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። ሚኒሶታ ሆነው መጻሕፍቱን እያነበቡ በዝርዝር የመዘገቡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሸንኮራ ልጅ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ በኋላ የሠሩትን ያን ሁሉ ሥራ የሠሩት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው። በሰኔ 2013 አረፉ። በዚያው ዓመት ማግስት፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከሰው ቀጥሎ የተጨነቅኩት በየዕቃ ቤቱ ስላሉት መጻሕፍት ነበር። ብራና እሳት አይችልም። አይጥም፣ ዝናብም፣ ሌባም አለበት። ፎቶው መኖሩ ያን ጊዜ ትንሽ አሳርፎኛል።

ግን የልጁ ጥያቄ አልወጣልኝም። «አጎቴ፣ ኮምፒውተር የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እየተማረ አይደል? ታዲያ እኛ ለምን እንማራለን?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እየተማረ ነው። የተማረው ግን ከማን ነው? ማንበብ የሚችል ሰው ገጹን አንብቦ፣ ገልብጦ ሰጥቶት ነው። ሲሳሳት የሚያርመውም ያው ሰው ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» የምትለዋ ቃል እንኳ «ተናገረ» ትሁን «ይገኛል» የሚለየው የለመደ ጆሮ ነው። ግዕዙማ ሌላ ነው፤ ቃሉ በድምፅ አጣጣሉ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ እየተባለ ይለያል፤ ንባቡ ራሱ ትምህርት ነው። ይሄ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚተላለፈው።

እኔ ልጅ ሳለሁ የኔታ ደጃፍ መቀመጫ ጠፍቶ ድንጋይ ላይ እንቀመጥ ነበር። አሁን አራት ተማሪ ብቻ ነው ያላቸው። ወላጅ አይፈረድበትም፤ ብርዱን በደበሎ ችሎ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ እንዲማር ልጁን የሚልክ ማን አለ? ስለዚህ ለካሜራና ለኮምፒውተር በጀት የሚይዝ ሁሉ፣ ከዚያው ላይ ቆንጥሮ ለአንድ የኔታ ደመወዝ፣ ለተማሪዎቻቸውም ቀለብ ይያዝ እላለሁ። የተነሳው ፎቶም ታትሞ ወደ ደብሩ ይመለስ። ዲያቆኑ የገዛ ደብሩን መጽሐፍ ለማየት የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት የለበትም።

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ከተመለሰ በኋላ አንድ መሪጌታ አግኝቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ትናንት ደውሎ ተነሽና ወዳቂ እየለየ አነበበልኝ። ሰያፉ ገና አስቸግሮታል።