ዶላር የምትበላዋ አህያ

ክብርና ምስጋና ለጎንደር የገበያ ፕሮፌሰሮች! እኔ የታሪክና የግጥም ሰው፣ ዘንድሮ ኢኮኖሚክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጥሞኝ ስንገላታ፣ እናንተ ለካ ትምህርቱን በሁለት ቃል ጨርሳችሁታል። «ዶላር ጨምሯል!»

ቁጥር ሳይ ያዞረኛል፣ አልደብቅም። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አጣልፎ አንዱ ፍላጎት ነው፣ አንዱ አቅርቦት ነው፣ የተገናኙበት ዋጋ ነው አለን። እኔ ፍላጎት ሲባል የማውቀው ልብ የሻተውን ነው፣ ግማሹ ግጥማችንስ ስለ ምን ሆነና! እዚህ ግን መሻት ብቻውን አይቆጠርም። የምትከፍለው ከሌለህ ፍላጎት የለህም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት እንጂ አልተዋጠልኝም። ደግሞ «ሌሎች ነገሮች ባሉበት ሲቀጥሉ» የምትል ሐረግ አለች። እዚህ አገር ምን ባለበት ሲቀጥል አይታችኋል?

ቅዳሜ ዕለት እናቴ ጌሾ ግዛ ብላ ቅዳሜ ገበያ ላከችኝ። ዋጋው ካለፈው ጊዜ ዘሎ ጠበቀኝ። «ምነው ጋሼ?» ብል «ወንድሜ፣ ዶላር እኮ ጨምሯል!» አሉኝ።

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ባጃጅ የምትጠጣው ቤንዚን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ እሺ፣ ገባኝ። ጌሾው ግን የበቀለው ጓሮ ነው። ያጠጣው ዝናብ፣ ያደረቀው ፀሐይ፣ ያመጣው አህያ። ዶላሩ የቱ ጋ ገባ? አስቤ አስቤ አህያዋ ላይ ደረስኩ። ገለባዋን የምትበላው በውጭ ምንዛሬ መሆን አለበት። ጠዋት ከመጫኗ በፊት የዕለቱን ምንዛሬ ትጠይቃለች፣ ካልተስማማት ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች። ኮርቻዋ ኤልሲ፣ ያ ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና፣ ተከፍቶለት ሲጠበቅ የከረመ ነው። ኮቴዋ በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም ባንክ ዶላር ሳይጠየቅ፣ የገባ። ስታናፋ እንኳ ልብ ብላችሁ ስሟት፣ የጥቁር ገበያውን ዋጋ ነው የምትናገረው። ጅራፉማ የአገር ውስጥ ነው፣ ለዚህ ነው መሰለኝ እሱ ብቻ ያልተወደደው። ለመሆኑ ያኔ ጎንደር በአሞሌ ጨውና በኦስትሪያው የማርያ ቴሬዛ ብር ስትገበያይ «ኦስትሪያ ጨምሯል» የሚል ጌሾ ሻጭ ነበር ይሆን?

ከእኔ ፊት አንዲት እናት ቆመው ነበር። ጠላ ጠምቀው ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። «እናቴ፣ እኛ ምን እናድርግ፣ ዶላር ነው» ሲሏቸው ምንም አልመለሱም። ከነጠላቸው ጫፍ የፈቱትን ብር መልሰው ቋጠሩትና ሄዱ። ይህ አያስቅም። ዶላርን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሴት የዶላር ዕዳ ይከፍላሉ፣ እሱ ሲጨምር በማግስቱ የሚሰማ ሻጭ ሁላ፣ ሲቀንስ ጆሮው ይደፈናል። ንግድ አትበሉኝ፣ ይህ ዝርፊያ ነው! ኢኮኖሚክሱም ቢሆን አላዳናቸውም። በእሱ ቋንቋ እኚያ እናት ያን ቀን የጌሾ ፍላጎት አልነበራቸውም።

እኔ ገዛሁ። ፍላጎት ነበረኛ፣ የእናቴ ብር።

ሰኞ ፈተና አለን። «ዋጋ ለምን ይጨምራል? በሥዕል አስረዳ» ከተባለ መስመር አላጣልፍም። አህያ ነው የምስለው።