ራስ ለፈለጠው ሞንታርቦ

ማይግሬን ያለበት ሰው ደሴ ላይ ቢያመው ዕድለኛ ነው። ሌላ ከተማ በሽታው ብቻውን ይደክማል፤ እዚህ አጋዥ አለው። ሐኪሞች አንድ የማይግሬን ሕመም ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል ይላሉ። ወሎ እንግዳ አክባሪ ነውና ከፒያሳ እስከ ሸዋበር 4 ሰዓት ብቻ ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ ነውር ነው። ሦስት ቀን አድሮ፣ ጠግቦ ነው የሚሸኘው።

ምስጋናው ከሱቆቹ ደጃፍ ይጀምር። ወገብ የሚደርስ ሞንታርቦ፣ አፉ ወደ አስፋልቱ፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ሞንታርቦ። አንዱ ትዝታ ያንጎራጉራል፣ ሌላው «ኑ ግቡ፣ ሁሉም በ200፣ ሁሉም በ200» የሚል የተቀዳ ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይደግማል። መሐል ላይ ባጃጁ አለ፤ ጡሩንባውን የሚነፋው መንገድ ተዘግቶበት አይደለም፣ መኖሩን እንዳንረሳ ነው። ባለሱቆቹ ጭንቅላቱን ይዞ የሚያልፍ ሲያዩ ደግሞ መድኃኒት በነፃ ያዛሉ፦ «ይለመዳል!» ግሩም ምክር ነው፤ እንከኑ አንድ ብቻ ነው። የሌላው ሰው አእምሮ የሚደጋገም ድምፅን ቶሎ ችላ ይለዋል፤ የማይግሬን አእምሮ የሚቸግረው ይኸው ችላ ማለት ነው። መቶኛው «ሁሉም በ200» እንደ መጀመሪያው ትኩስ ሆኖ ይደርሰዋል።

ውለታ ቢስ ሕመምተኞች ግን አይጠፉም። ስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ገዝተው በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። በጣታቸው አድቦልቡለው ያቀጥኑታል፣ በሌላው እጃቸው ጆሯቸውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ይከቱታል፣ ተነፍቶ እስኪሞላ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ደግፈው ይይዙታል። (ጫፉን ብቻ ሸጉጦ «አይሠራም» የሚል ሞልቷል።) ብልጦቹ ደግሞ ጩኸቱን ሲያልፉ ያወጡታል። ቀኑን ሙሉ ደፍኖት የዋለ ጆሮ ዝምታን ይለምድና ማታ የብርጭቆ ኳኳታ እንኳ ይወጋዋል።

በብርሃን በኩል ጎረቤት የሚስተካከለው የለም። ልጅቱ መጋረጃ ዘግታ ተጋድማለች፤ እትዬ እገሊት ገብተው፦ «ኧረ ይሄን ጨለማ! ድብርት ይይዝሻል ልጄ፣ አብሽሪ፣ ተነሺ!» ይላሉ፤ መጋረጃው ይከፈታል፣ ነጩ አምፖልም ይበራል። ዐይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለመለየት የተፈጠሩ ሕዋሳት አሉ፤ በተለይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል፣ መልእክታቸውም የራስ ሕመሙ ከሚያልፍበት መስመር ጋር ይገናኛል። ብርሃን የሚለዩ ነገር ግን ቅርጽ የማያዩ ዐይነ ስውራንን እንኳ በማይግሬን ጊዜ ብርሃን የሚያማቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነጩን አምፖል የመረጠ ሰው ዒላማውን አልሳተም። አሮጌ ባላስት (ኃይሉን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ያለው ፍሎረሰንት ከተገኘማ ሰርግ ነው፦ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ መብራቱም በየምልልሱ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዐይን አያየውም፣ አእምሮ ግን ይቆጥረዋል።

እዚህም አመፀኞች አሉ። አነስተኛ ዋት ያለው ቢጫ አምፖል ከኋላቸው ያበራሉ፣ የስልካቸውን ስክሪን አደብዝዘው ወደ ቢጫ ይመልሳሉ። ጥቁር መነጽር ከቤት ውጭ ያደርጋሉ፤ ቤት ሲገቡ ያወልቃሉ፤ ጨለማ የለመደ ዐይን በሩ ሲከፈት ይብስበታልና። ለቤት ውስጥ ሮዝ ቀለም የተነከረውን፣ ኤፍኤል-41 የሚባለውን የመነጽር መስታወት የሚያስገጥሙም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ግብዣ እንምጣ፦ ሽታ። ታማሚን ያለ ቡና መጠየቅ ይቻላል እንዴ? ብረት ምጣዱ ከአልጋው ሁለት ክንድ ርቆ ይጣዳል። ቡናው ይንጣጣል፣ ጭሱ በየአፍንጫው እንዲዞር ምጣዱ ይዞራል፣ «ሽተቺው፣ ራስ ይከፍታል» ይባላል። እጣኑ ይከተላል፤ ከርቤ የጨመረበት ቤት ደግሞ የበለጠ ወዳጅ ነው። አንዷ በሽቶ ታጥባ መጥታለች። ሌላዋ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ በመዳፏ አሽታ የታማሚዋ ግንባር ላይ ትለቀልቃለች፤ በዚያ ሰዓት የራስ ቆዳ ራሱ ስለሚታመም ማበጠሪያ እንኳ አይነካም፣ እሷ ግን ሻሹን ጥብቅ ታደርገዋለች። (ሻሽ የሚያሻላቸው አሉ፤ ፀጉሯን ስትነካው የሚያማትን ግን ማላላት ነው።) ጥጋበኛዋ ታማሚ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ቡናውን ውጭ ቁሉልኝ፣ እጣኑ ይቅር፣ መስኮቱ ይከፈት።» መጠጣቱን እንኳ ትመጥናለች፦ ሕመሙ ሲጀምር አንድ ሲኒ ክኒኑን ያግዛል፤ የለመዱትን በድንገት ማቆም ግን ራሱ ራስ ያፈልጣል፣ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ። ስለዚህ ረመዳንም ሁዳዴም ሳይገባ ሲኒዋን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ እየቀነሰች ትቀበለዋለች።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስስ? የሐረጎን ቁልቁለት ሲጠማዘዝ ሙዚቃው ከፍ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው ሽቶ ዥዋዥዌ፣ አንዷ መስኮቷን ጣት ታህል ብትከፍት ከኋላ፦ «ዝጊው እናቴ፣ ነፋስ ይመታናል!» በባሕር ዛፎቹ መሐል ፀሐይ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ዐይን መጨፈን ብቻውን አይበቃም፣ የዐይን ቆብ ብርሃን ያሳልፋል። ባርኔጣ ወይም ነጠላ ደርቦ፣ ፀሐይ በማይመታበት ጎን፣ ቢቻል ጋቢና፣ ዐይንን ሩቅ መንገዱ ላይ አድርጎ፣ ስልክ ሳይነኩ የሚወርድ ሰው አዝናኝ ጉዞ አበላሽቷል።

ክኒን ላይ ለአፍታ ሽሙጡን ልተወው። ፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ሁለት፣ ወይም ጨጓራ፣ ኩላሊትና እርግዝና ለሌለበት አዋቂ አይቡፕሮፌን 400 የሚሠራው ሕመሙ ገና ሲጀምር ነው፤ ማይግሬን የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገይ «ትንሽ ልቻለው» ተብሎ የዘገየ ክኒን ጨጓራ ውስጥ ይቀመጣል። ግን ቀን ይቆጠር፦ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን የሚባለው የማይግሬን መድኃኒት ያለበት ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ያሳምማል። ኤርጎታሚን እርግዝና፣ የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ላለበት አይሆንም። በቅጽበት እንደ መብረቅ የመታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ አንድ ጎን የሰነፈበት ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ደግሞ ለሆስፒታል እንጂ ለጨለማ ክፍል አይደለም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ባለሱቁን «ወንድሜ፣ ሞንታርቦውን ወደ ውስጥ ብታዞረውስ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አይቆጣም፤ በትሕትና ያስረዳችኋል።

«ወደ ውስጥ ካዞርኩትማ እኔን ራሴን ያመኛል።»