በሜታኖል ለሚሄድ የጀልባ ሞዴል የሚሻለው ሽፋን፦ ፖሊዩሪቴን ወይስ ኢፖክሲ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ በሜታኖል ሞተር የሚሄድ፣ ቀለም የተቀባ የጀልባ ሞዴል በመጨረሻ የሚደረብለት ጥርት ያለ ሽፋን ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሪቴን (ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚጠነክር ቫርኒሽ) ሊሆን ይገባል፤ ተቃዋሚው ግን ኢፖክሲን፣ ማለትም እርሱም ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚጠነክረውን ሙጫ መሰል ሽፋን፣ ይመርጣል። ከታች የሚከራከሩት ሁለቱም ጸሐፊዎች ጀልባቸውን በእጃቸው የሚሠሩና የሚቀቡ ናቸው።

ደጋፊ፦

ሽፋን ከመምረጣችን በፊት የሚያርፍበትን ነዳጅ ማወቅ ይኖርብናል። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ነዳጅ አብዛኛው ሜታኖል ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ዘይትና እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ5 እስከ 30 በመቶ ናይትሮሜቴን የተባለ ኃይል ጨማሪ ፈሳሽ ይቀላቀልበታል። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ ከጀልባው ገላ ላይ ቶሎ ይተናል፤ ቀለም የሚያሟሟውና በ101 ዲግሪ የሚፈላው ናይትሮሜቴን ግን ከዘይቱ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። በመሆኑም ታንኩ ሲሞላ የፈሰሰች አንዲት ጠብታ እየደረቀች በሄደች ቁጥር ለቀለሙ ይበልጥ አደገኛ ትሆናለች።

በቆርቆሮ የሚረጨው ተራ አክሪሊክ ቫርኒሽ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ቲነር ስለተነነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቲነር የሚመስል ነገር ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል። ባለ ሁለት ክፍሉ የፖሊዩሪቴን ክሊር (ጥርት ያለ ሽፋን)፣ ማለትም መኪና ቀቢዎች ከማጠንከሪያ ጋር ደባልቀው የሚረጩት፣ የሚጠነክረው በኬሚካል ተሳስሮ ስለሆነ በነዳጅ አይሟሟም። በጣሳው ላይ «ነዳጅ ተከላካይ» የሚለውን ጽሑፍ አይተው የሚገዙ ጀማሪዎች ደግሞ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ቤንዚንን እንጂ ናይትሮሜቴንን እንደማይመለከት ቢያውቁ መልካም ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ሳምንት ያህል ሳይነካ የቆየ ፖሊዩሪቴን ግን ሁለቱንም ይችላል፤ ከዚያም በላይ ስስ ነው፣ ቀላል ነው፣ ፀሐይም ቶሎ አያበላሸውም።

ተቃዋሚ፦

ስለ ነዳጁ ባህርይ የተጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው መደምደሚያውን ነው፤ ምክንያቱም ባልደረባዬ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለውን ነገር በስሙ ሳይጠሩት አልፈዋል። ስሙ ኢሶሳያኔት ነው። የሚረጭ ቀለም ከሚተነፍሱ ሠራተኞች መካከል ብዙዎችን ለአስም የዳረገ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ሽታው የሚታወቀው መጠኑ ከአደጋው ወሰን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማጣሪያው ማለቁን ለባለቤቱ አይነግረውም። የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙያው የሚጠቀሙበትን ሰዎች ያለ ሥልጠና እንዳይነኩት የከለከለው በከንቱ አይደለም። ታዲያ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ልጆቹ ከግድግዳው ማዶ ተኝተው የሚቀባውን ሰው ምን ብለን ልንመክረው ነው?

ሁለተኛው ነጥቤ ጉዳቱ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። የአንዲት ቀይ ጀልባዬ ቀለም የተላጠው ከሚያብረቀርቀው ጎኗ አልነበረም። የሞተሩን ሽፋን ከያዙት ብሎኖች በአንዱ ሥር፣ የእንጨቱ ቀዳዳ ጥሬውን ከቀረበት ቦታ ተነሥቶ፣ ነዳጁ በቀለሙ ሥር ሾልኮ የሁለት ጣት ስፋት ያለውን ቀለም ከነክሊሩ እንደ ትኩስ ወተት ስልባቦት አሸብሽቦ አነሣው። ከላይ የተረጨው ክሊር እንከን አልነበረበትም፤ ቀዳዳው ውስጥ ግን አልገባም። በብሩሽ የሚቀባ ስስ ኢፖክሲ ቀዳዳውንም፣ የሞተሩን ክፍል ጥግም፣ የታንኩን ማረፊያም አርሶ ይዘጋል። ጠንካራ አሟሚ ስለሌለውም ከሥሩ ያለውን የኢናሜል ቀለም አያሸበሽብም፤ ፖሊዩሪቴን ግን በደንብ ባልደረቀ ኢናሜል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ የሞከረው ያውቀዋል።

ደጋፊ፦

የብሎኑ ታሪክ አሳማኝ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳምነው ቀዳዳን በኢፖክሲ ስለመድፈን ነው፣ እኔም የሞተሩን ክፍል የምቀባው በእርሱ ነው። ክርክራችን ከቀለም በላይ ስለሚደረበው ጥርት ያለ ሽፋን ነውና ወደዚያው ልመልሰው። ነጭ ጀልባን ኢፖክሲ ቀብተው አንድ በጋ ፀሐይ ላይ ቢያውሏት ወደ ቅቤ መልክ ትቀየራለች። በተለመደው የቤት ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ጥቁር የተቀባ የላይ ወለል በቀትር ፀሐይ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም፣ የጭስ ማውጫው አጠገብማ አይነሣ።

በጭስ ማውጫው ዙሪያ ሌላም ነገር አለ። ነዳጁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት ስላለ፣ ከሙቀቱ የተነሣ ቡናማ ሆኖ ይጋገራል። ምጣድ በጉሎ ያሟሸ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ እዚያ የምንፈልገው ነገር እዚህ ጠላት ሆነ። ያንን ለማስለቀቅ በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ ግድ ነው፤ ደጋግሞ መጠረግን የሚችለውም ጠንካራው ፖሊዩሪቴን ነው።

ስለ ጤና የተባለው እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ትልቁ አደጋ ያለው ወደ አየር በሚበተነው ጉም ላይ ነው። ለእውነተኛ ጀልባዎች የሚሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ቫርኒሾች በብሩሽ ይቀባሉ፤ ጓንት አድርጎ፣ ደጃፍ ላይ፣ በትንሽ ኩባያ ለክቶ የሚቀባ ሰው መርጫ አያስፈልገውም። የብሩሹን ፈለግ በ1500 ከዚያም በ2000 ቁጥር የውኃ የብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ቢወለውለው ይጠፋል።

ተቃዋሚ፦

መርጫው ከተጣለ ከክርክሬ ግማሹ እንደተመለሰልኝ እቆጥረዋለሁ። ስለ ቢጫነቱ ተሸንፌያለሁ፤ ነጭ ጀልባ ላይ ኢፖክሲ አልደርብም። ኢፖክሲም ቆዳን ያስቆጣልና ጓንቱ ለሁለታችንም ነው። በጥቁር ቀይና በሰማያዊ ጀልባ ላይ ግን አሁንም አልለቅም፤ የጠነከረውን በውኃ አጥቤ ሰም መሳዩን ቅባት ካስወገድሁ በኋላ ማንም የማያገኝብኝን መስታወት አወጣለሁ። ነዳጅ መቋቋሙን ከተጠራጠሩ፣ በተመሳሳይ ቀለም የተቀቡ ሁለት ቁራጭ ጣውላዎች እናቅርብ፤ በነዳጅ የራሰ ጥጥ እናስቀምጥባቸው፣ እንዳይተን የጠርሙስ ክዳን እንድፋበት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በጥፍራችን እንጫናቸው።

ደጋፊ፦

እስማማለሁ፤ ሁለቱም ቁራጮች ሙሉ ሳምንት ይድረቁ፣ ነዳጁም 25 በመቶ ናይትሮሜቴን ያለው ይሁን። በ5 በመቶውማ የእርስዎም የእኔም ጥፍር ምንም አያገኝም።