ሱቅ የለሽ፣ ምን ወጪ አለብሽ?

ዛሬ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ልናገር ነው። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት።

ቤት ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ በስልክ፣ ኦንላይን ነው የምሸጠው። ጠዋት አንዲት እህት ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። በርበሬው በኪሎ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። ዋጋው ፎቶው ሥር ተጽፏል፤ ቢሆንም ነገርኳት። «እንዴ! ሱቅ የለሽ፣ ኪራይ አትከፍይ፣ ምን ወጪ አለብሽና ነው ከመርካቶ የሚበልጠው? ኦንላይን እኮ ነው» አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ የምታምነውን ነው የተናገረችው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ ይህንን ስትለኝ አራተኛዋ ሰው ናት።

እህቴ፣ በርበሬው የሚሸጠው በስልክ ነው እንጂ የሚሠራው በስልክ አይደለም።

ዛላውን የምገዛው ጭራው ሳይነሳ፣ አቧራው ሳይራገፍ ነው። ማረቆ ሲገኝ ማረቆ፣ ሲጠፋ አላባ። ኩንታሉ ቤት ሲገባ ሁለት እናቶች መጥተው አብረውኝ ይቀነጥሳሉ። ማታ እጃችን እስከ ክርናችን ይለበልበናል። የነጣውና የሻገተው እየተለየ ይጣላል። በኪሎ ተመዝኖ የተገዛ ነው፤ ሲጣልም የእኔ ብር ነው የሚጣለው። የቀረው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱ ይላጣል። ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማው ይፈለፈላል፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይታመሳል። ከዚያ ወፍጮ ቤት። እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ። መብራት ከሄደ ጆንያዬን ታቅፌ ቁጭ ነው፤ ጥዬው አልሄድም። የእኔ በርበሬ ከሰው በርበሬ ከተቀላቀለ አለቀልኝ። ቤት ተመልሶ ይነፋል፣ ይመዘናል። ሲመዘን ከገዛሁት ምን ያህል እንደጎደለ የሚያውቀው የሠራ ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። ክረምት ላይ በርበሬ አይሰጣም። ስለዚህ እስከ መስከረም የምሸጠውን ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አዘጋጅቼ ማስቀመጥ አለብኝ። ያለኝ ገንዘብ በሙሉ ለወራት ጆንያ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። «ኦንላይን ካፒታል አይፈልግም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ጆንያ አላዩትም።

የሱቅ ኪራይ አልከፍልም፤ እውነት ነው። ግን የሱቅ ኪራይ የሚገዛውን ነገር እኔ በሌላ መንገድ እገዛዋለሁ። ባለ ሱቁ ሰው በእግሩ ይመጣለታል። እኔ ወደ ሰው መሄድ አለብኝ። ባለ ሱቁ በፌስታል ጠቅልሎ ይሰጣል። የእኔ በርበሬ ሞተር ላይ ተጭኖ ከሳሪስ አያት ድረስ ስለሚሄድ ሁለት ጊዜ ታሽጎ፣ ዕቃ ውስጥ ገብቶ፣ ስም ተለጥፎበት ነው የሚወጣው። እና የሞተረኛው ሒሳብ። «ዴሊቨሪ ነፃ ነው አይደል?» ይሉኛል። ነፃ የሚባል ዴሊቨሪ የለም ወገኖቼ። ልጁ ቤንዚን ይቀዳል፣ በፀሐይና በዝናብ ይዞራል፣ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ደንበኛው ካልከፈለው እኔ እከፍለዋለሁ። እኔ ከከፈልኩት ደግሞ ዋጋው በርበሬው ላይ ተደምሮ ደንበኛው ጋ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንድ ሻጮች «ዴሊቨሪ በነፃ» ብለው ሲለጥፉ እናንተ ዕቃው ላይ ከፍላችሁታል። እኔ ለይቼ ስለምጽፈው ነው ውድ የምመስለው።

ዋጋን ካነሳሁ አይቀር፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር አልወደውም። ብዙ ሻጭ ጓደኞቼ በዚህ ይቀየሙኛል። ዋጋ ከደበቅሽ ሰው ይጠጋሻል፣ ካወራሽው ይገዛል የሚል እምነት አለ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሞክሬዋለሁ። የሆነው ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» የሚል መልእክት መመለስ ነው። ብሩ የማይበቃው ሰው ዋጋውን ከሰማ በኋላ ዝም ይላል፣ ያፍራል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ገዢው «ፊቴን አይታ ነው ዋጋ የምትጠራው» ብሎ ይጠረጥራል። ቢጠረጥርም እውነት አለው። ዋጋችሁን ጻፉ። እባካችሁ ጻፉ።

መርካቶ የሄደች ሴት በርበሬውን በጣቷ ትቆነጥራለች። ታሸተዋለች፣ ምላሷ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ኮረሪማው እንዳነሰ ያኔውኑ ታውቃለች። በስልክ ይህንን ማድረግ አይቻልም። ያውም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው የምንሰማበት ከተማ ውስጥ ነን፤ ሸክላ ሳይቀር ተፈጭቶ ይገባል ሲባል ሰምተናል። ታዲያ የማያውቁኝ ሰዎች ለምን ይመኑኝ? «ፎቶው ካማረ ይሸጣል» የሚሉት ውሸት ነው። በአንድ ወቅት ፎቶውን በፊልተር ቀላ አድርጌ ለጠፍኩት። አንዲት እናት ተቀብለው ከፈቱትና ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ስልኩ ላይ ያየሁት እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቅሬታ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ፣ በጠዋት ብርሃን፣ ያለ ምንም ቅባት ነው የማነሳው። ለአዲስ ደንበኛ ደግሞ ከትዕዛዙ ጋር አንድ ማንኪያ የምታህል በርበሬ ለብቻዋ በትንሽ ላስቲክ አስሬ እልካለሁ። ቅመሱት፣ ካልተስማማችሁ ትልቁን ሳትከፍቱ ለልጁ መልሱለት እላለሁ። በዚህ መንገድ ነው አንድ ደንበኛ የሚገኘው። አንድ በአንድ፣ በወራት።

ተከታይ ደንበኛ አይደለም። ይህንን በብር ከፍዬ የተማርኩት ነው። የኦንላይን ንግድ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች «ገጽ ክፈቱ፣ በቀን ሦስቴ ለጥፉ፣ ተከታይ ሲበዛ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» ይላሉ። እኔ 11 ሺህ ተከታይ አለኝ። ግማሾቹ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ አሜሪካ ናቸው። ፎቶውን ያዩና «ናፈቀን» ብለው ልብ ያስቀምጣሉ። እወዳቸዋለሁ። ግን አንድ ኪሎ በርበሬ ባሕር ማዶ መላክ ከበርበሬው በላይ ያስወጣል፤ መንገደኛ ካልተገኘ አይሆንም። የዘወትር ገዢዎቼ ስድሳ አይሞሉም። የሚያኖሩኝ እነሱ ናቸው። የመጡትም በማስታወቂያ አይደለም። አንዷ ለቡና የጠራቻት ጎረቤት ወጥ ቀምሳ «ይህ በርበሬ የማን ነው?» ብላ ጠይቃ ነው።

ቡስት አድርጊ፣ ከፍለሽ ልጥፍሽን ለብዙ ሰው አሳዪ ይሉኛል። አድርጌያለሁ። ቡስት በዶላር ነው የሚከፈለው፤ እኔ የምሸጠው በብር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። በርበሬውን በእጥፍ ልሸጥ አልችልም። ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት በካርዷ የምትከፍልልኝ፤ እሷንም ስንት ጊዜ ላስቸግራት?

ደግሞ ሱቁ የእኔ አይደለም። ይህ የገባኝ የካቲት 2015 ላይ ነው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ በአንድ ጊዜ ተዘጉ። ለአምስት ወር ያህል። ያውም ሁዳዴ መግቢያ ላይ! ለሽሮ ነጋዴ ሁዳዴ ማለት የዓመቱ ገበያ ነው። ጎታዬ ሞልቶ ተቀመጥኩ። የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን የሚያውቁት ገቡ፤ እናቶቹ ግን ከየት አምጥተው? አብዛኛዎቹን ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም፤ ስልካቸውን አልያዝኩም ነበር። አሁን እያንዳንዱን ደንበኛ በደብተር እጽፋለሁ። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ የሚወዱት ያላላ ነው ወይስ የሚያቃጥል። ኦንላይን የምትሸጡ ሁሉ ዛሬውኑ ደብተር ግዙ።

ክፍያው ላይም ብዙ ስህተት አለ። «በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ይኸው ስክሪንሾቱ» ይሉኛል። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ከቴሌብር ቁጥር ከ127 መልእክት እኔ ስልክ ላይ ሲገባ ነው ገንዘብ የሚሆነው። በተቀናበረ ስክሪንሾት ስድስት ኪሎ ሽሮ ወስደውብኛል። ስለዚህ «ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ላረጋግጥ» ስል አትቀየሙ። ሌባ እያልኳችሁ አይደለም።

ቤተሰብ ደግሞ አለ። አክስቴ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዳ ትውላለች፤ መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» ብላ ለእናቴ ነግራታለች። እናቴም ለሰው ስታስተዋውቀኝ «እስካሁን ሥራ አላገኘችም» ትላለች። ንግድ ፈቃድ አለኝ። ግብር እከፍላለሁ። በስልክ ስለሸጥኩ ግብር የሚቀርልኝ የሚመስላቸውም አሉ፤ አይቀርም። በስልክ ላይ ተጥዳ የምትባለው ልጅ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «አለሽ?» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ሁለት ደቂቃ ከዘገየች የጥያቄ ምልክት ብቻ ይከተላል። መርካቶ ሌሊት ሄዶ የሱቅ በር የሚያንኳኳ ሰው አለ? ሱቅ ይዘጋል። ስልክ አይዘጋም። እኔም እተኛለሁ፣ እኔም እታመማለሁ፣ ቅዳሴ እሄዳለሁ።

«ሐሳቤን ቀየርኩ» ማለትስ? ትችላላችሁ። ማንም አይከለክልም። ግን ሞተረኛው ከመነሳቱ በፊት በሉት። ብዙ ሰው በስልክ የተጻፈ ትዕዛዝ ጨዋታ ይመስለዋል። ሀገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ያወጣችው በ2012 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1205። በስልክ የተጻፈ ነገር በወረቀት ስላልተጻፈ ብቻ ዋጋ የለውም አይባልም። እኔ ማንንም የመክሰስ ሐሳብ የለኝም። ቃል ቃል ነው ለማለት ነው።

ትናንት ከአያት አንዲት ሴት ሦስት ኪሎ በርበሬና ሁለት ኪሎ ሽሮ አዘዘች። ሲደርስ እከፍላለሁ አለች። ድምጿ ጨዋ ነው፤ አመንኳት። «ለእሁድ እንግዳ አለብኝ፣ ዛሬውኑ ይድረስልኝ» አለች። ልጁ ከሳሪስ ተነስቶ፣ ዝናብ እየመታው ደረሰ። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሆኖ ደወለ። አነሳችና «እዚያው ጠብቀኝ፣ እየወረድኩ ነው» አለችው። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። እንደገና ሲደውል ስልኩ ተዘግቷል። እኔም ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አግዳኛለች።

ልጁ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቴ ደረሰ። ጃኬቱ ይንጠባጠባል። በርበሬውን ግን ጃኬቱ ውስጥ ከቶ፣ አንድ ጠብታ ሳይነካው ነው ያመጣው። «እህቴ፣ የመመለሻውን ተይው» አለኝ። አልተውኩትም። ደርሶ መልስ 600 ብር ከፈልኩት፣ ሻይ አፍልቼ አጠጣሁት። ሦስቱ ኪሎ እሽግ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አለ። እሁድ የሚፈልገው ካለ ዋጋው ፎቶው ሥር ተጽፏል።