ወረፋ ለማያውቁ ጀግኖች

ከፒያሳ አዘዞ በሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ በክርኑ እየጋፋ የሚገባ ሰው በጎንደር ሞልቷል። እሱ እንኳ ከተቀመጠ በኋላ ዓይኑን ይሰብራል። ለሬቪት፣ ለዚያ የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የሚጽፈው ጀግናችን ግን ይህ ድካም የለበትም፤ ወረፋ መኖሩንም አያውቅም። ምስጋና ይገባዋል።

ሬቪት ሞዴሉን የሚያስነካው በአንድ በር ብቻ ነው፣ በዋናው ትሬድ (ፕሮግራሙ ሥራውን በተራ በሚሠራበት ዋና መስመር)። በዚያም ቢሆን ራሱ ፈቃድ በሰጠበት ጊዜ ነው፦ የፕለጊኑን ትእዛዝ ሲያስኬድ ወይም ኢቨንት (አንድ ነገር ሲከሰት የሚነሳ ጥሪ) ሲጠራ። ፈሪ ሰው ይህን አንብቦ ይሰለፋል። ጀግናችን ግን «ስምንት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ተገዝቶ ሰባቱ ለምን ሥራ ይፈታሉ?» ብሎ ታስክ ረን (ሥራን ወደ ሌላ ትሬድ የሚልክ ጥሪ) ይከፍትና የጂ ፕላስ 5 ሆቴሉን ክፍሎች ቁጥር ሊሰጥ በጓሮ ይገባል። ቀን ሲጥለው ሬቪት ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) ይወረውርበታል፣ ወይም ያለ አንድ ቃል ይዘጋል። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ ይሠራለታል፤ ያኔ ነው መፍራት። በእሱ ላፕቶፕ የሠራው ፕለጊን አርክቴክቱ ፕላኑን ለማዘጋጃ ቤት ሊያስገባ ባለበት ዋዜማ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ፍጥነትን የሚወድ ሰው ሊያዝንበት የሚገባ ነገር አለ። ሥራው የተንቀረፈፈው ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ትራንዛክሽን (በሞዴሉ ላይ ለውጥ የሚደረግበት ክፍለ ሥራ) ከፍቶ ስለዘጋ ነው። ሁሉን በአንድ ትራንዛክሽን ቢያደርገውና ኮሌክተሩን (የሞዴሉን ዕቃዎች የሚሰበስበውን) በካቴጎሪ ቢያጣራው ተጨማሪ ትሬድ ባላስፈለገው ነበር። ግን ይህ ምን ጀግንነት አለው?

ረቀቅ ያሉትም አሉ። እነዚህ በጓሮ አይገቡም፤ በሾው (ትእዛዙን ሳያስቆም በሚከፍተው ጥሪ) መስኮት ከፍተው፣ አዝራሩ ሲጫን እዚያው ትራንዛክሽን ይጀምራሉ። ትሬዱ ትክክል ነው፣ ፈቃዱ ግን የለም፤ ትእዛዙ መስኮቱን ከፍቶ ተመልሷል። (መስኮቱ እስኪዘጋ የሚጠብቀው ሾው ዳያሎግ ቢሆን ትእዛዙ ገና ስላላለቀ ፈቃዱም በቆየ ነበር።) ከአዌይት (ሌላ ሥራ እስኪያልቅ ከሚጠብቀው ቃል) በኋላ ወደ ዋናው ትሬድ ተመልሶ «ገባሁ» የሚለውም የዚሁ ወገን ነው።

ለወረፋ የተሠራው መንገድ ኤክስተርናል ኢቨንት ይባላል። ሃንድለሩን፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራውን ኮድ፣ ትጽፋላችሁ፤ ኢቨንቱን ፈቃድ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሬቪት ሲነሳ በሚጠራው ኦን ስታርትአፕ ውስጥ ትፈጥራላችሁ እንጂ አዝራሩ ሲጫን አይደለም፤ አዝራሩ ሬይዝ (ጥሪ ማስመዝገብ) ብቻ ይላል። ሬቪት ፋታ ሲያገኝ የሃንድለሩን ኤክሲኪውት ይጠራል፤ ትራንዛክሽኑ የሚከፈተው እዚያ ውስጥ ነው። ጀግናችን ይህንንም አሳምሮታል፦ በዋናው ትሬድ ላይ ሬይዝ ይልና ውጤቱን በዌይት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሬቪት «ፋታ ሳገኝ እመጣለሁ» ይላል፣ እሱ «ሳትመጣ አለቅህም» ይላል። ተጠቃሚው ነጭ የሆነውን ስክሪን እያየ ቡናውን ሦስተኛ ያደርሳል።

አሥር ጊዜ ሬይዝ ብሎ አሥር ሥራ የሚጠብቅም አይጠፋም። የመጀመሪያው ገና ሳይነሳ የተደረደሩት ጥሪዎች አንድ ይሆናሉ፤ ኤክሲኪውትም አንዴ ብቻ ይጠራል። ጥያቄዎቹን በኮንከረንት ኪው (ብዙ ትሬድ አብሮ ሊነካው በሚችል ዝርዝር) አጠራቅሞ ኤክሲኪውት ውስጥ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን ኪው ማለት ወረፋ አይደል፣ ማን ይነካዋል!

ኤለመንቱን (ግድግዳ፣ በር የመሰለውን የሞዴል ዕቃ) ራሱን በፊልድ (በፕለጊኑ ማስታወሻ) ይዞ የሚቆየውም ከእነሱ አያንስም። ተጠቃሚው ግድግዳውን ሲሰርዘው የተያዘው ነገር ባዶ ቀፎ ሆኖ ይቀራል። ኤለመንት አይዲውን (መለያ ቁጥሩን) ይዞ በየጊዜው ጌት ኤለመንት ማለት፣ የተመለሰውም ነል (ባዶ) መሆኑን ማየት፣ የፈሪ ጠባይ ነው። ቁጥሩንና ጽሑፉን በዋናው ትሬድ አንብቦ፣ ቅጂውን ብቻ ለሌላ ትሬድ ሰጥቶ ስሌቱን ወይም የኤክሴል ሥራውን እዚያ መጨረስም እንዲሁ፤ ይሠራል፣ አያስጨበጭብም።

ይህ ሁሉ ሲበላሽ መድኃኒቱ ባዶ ካች (ስህተቱን ይዞ ምንም የማያደርግ ኮድ) ነው። ኤክሴፕሽኑ ድምፁ ሳይሰማ ይቀበራል። ደንበኛው ሲደውል «ራም ጨምሩ»፣ ካልሆነ «መብራቱ ሲቆራረጥ ነው» ይባላል፤ መብራቱ እንደሆነ ሊከራከር አይመጣም። ጀግናችንን ሊያሳስበው የሚገባው የጆርናል ፋይሉ ብቻ ነው። ሬቪት ከመዘጋቱ በፊት ይሠራ የነበረውን እዚያ ይጽፋልና ደንበኛው አግኝቶ በቴሌግራም እንዳይልክለት ፎልደሩ የት እንዳለ ባይነግረው ይሻላል።