ክብር ለ«ባዶ ነው» ባዮች

ዛሬ የመጣሁት ምስጋና ላቀርብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የተኩስ ሜዳ «ተኩስ ቁም» ተባለ። ጠመንጃው ሁሉ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። እኛም ኢላማ ልንቀይር መቶ ያርድ ያህል ወደፊት ሄድን። ወረቀቴን እየለጠፍኩ ዞር ስል አንድ ወንድማችን ጠመንጃውን አንስቶ በላዩ ባለው ማነጣጠሪያ መነጽር ያየናል። እኔን ነው መሰለኝ። ስንጮህበት እጁን አውለበለበልን። ከዚያ ሁላችሁም የምታውቋትን መፈክር አሰማ፦ «አይዟችሁ፣ ባዶ ነው!»

ተጽናናን። እንዴት አንጽናና?

«ባዶ ነው» ባይ ከኛ ከተራዎቹ የተለየ ፍጥረት ነው። እኛ ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ከፍተን ማየት አለብን። ዓይናችንን ካላመንን ጣታችንን እንከታለን። እሱ ግን በእንጨትና በብረት አሳልፎ ያያል። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆመ ጠመንጃ ያነሳና ገና ከማኅደሩ ሳያወጣው «ባዶ ነው» ይልሃል። ማን አጎረሰው፣ ማን አወጣው፣ በመሃል ማን ነካው ብሎ አይጠይቅም። ተገልጦለታል።

ጄፍ ኩፐር የሚባል የአሜሪካ ማሪን መኮንን ነበር። ተኳሽ ሁሉ የሚምልባቸውን አራቱን የጥንቃቄ ሕጎች ያስፋፋው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሕግ «ጠመንጃ ሁሉ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ይቆጠር» የሚል ነው። ምስኪን። ከኛ ሰው ጋር አንድ ቀን ቢውል ኖሮ ሕጉን ገልብጦ ይጽፈው ነበር።

የዚህ ጥበብ ዋና መድረክ ደግሞ ሊቨር አክሽን የሚባለው ጠመንጃ ነው። የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከቃታው ስር ያለችውን እጀታ ወደታች ወደላይ ቻክ ቻክ የሚያደርጉት እሱ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1894ቱ ዊንቸስተር ብቻውን ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ማርሊን 336 ከ1948 ጀምሮ የአጋዘን አዳኝ ወዳጅ ነው። ያምራል፣ አይከብድም፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ይመቻል። ለ«ባዶ ነው» ባይማ ተለክቶ የተሰፋ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከአፈሙዙ ስር በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ነው። አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ፤ ከውጭ አይታዩም። ክላሽ ቢሆን ካዝናውን ትነቅላለህ፣ ቢያንስ ግማሹ ሥራ አለቀ። እዚህ የሚነቀል ካዝና የለም። እጀታዋን ወደታች ስትገፋ የጎረሰው ጥይት ተስፈንጥሮ ይወጣል። መልሰህ ስትዘጋ ቀጣዩ ከቱቦው መጥቶ ይጎርሳል፤ ጥይቱን የሚያስተኩሰው መዶሻም ተወጥሮ ይጠብቅሃል። ልብ በሉ፦ ባዶ ለማድረግ ደጋግሞ ማጉረስ ግድ ነው።

ፈሪ ሰው ይህን እንዴት እንደሚሠራው ልንገራችሁ፣ ትስቁበታላችሁ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አፈር ያዞራል። ጣቱን ከቃታው ያርቃል። ቀስ እያለ አንድ በአንድ ያወጣል። የወጣውን ይለቅማል፣ ይቆጥራል። የሚወጣ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ሦስቴ ይደጋግማል። ከዚያ ከፍቶ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ ያያል፣ ትንሿን ጣቱን ይከታል፣ ቱቦው አፍ ላይ ጥይት የምትገፋው ነገር ብቻ መቅረቷን ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሙሉ ደቂቃ! የኛ ጀግና በአንድ ደቂቃ ስንት ነገር ይሠራል መሰላችሁ።

ለምሳሌ ጋሼን ውሰዱ። ስማቸው ይቅር፤ በየአደን ቡድኑ አንድ ጋሼ አለ። ቦታው ፔንሲልቬንያ ተራራ ላይ የተከራየነው የእንጨት ቤት ነው። እዚያ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ፣ ማለትም ከአሜሪካኖች የኅዳር የምስጋና በዓል፣ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው፤ ከ2019 በፊት ሰኞ ነበር። የገና ጾም ገብቷል ማለት ነው። ጋሼ እንግዲህ እስከ ገና የማይቀምሱትን ሥጋ ሊገድሉ ነው የሚወጡት። ይህም ራሱን የቻለ ተጋድሎ ነው፣ አልነካውም። ሌላ አዳኝ በስህተት እንዳይመታቸው ሕጉ የሚያዘውን 250 ስኩዌር ኢንች ብርቱካናማ ለብሰዋል። እሳቸውን ከሌላው ይጠብቃቸዋል። እኛን ከሳቸው የሚጠብቅ ልብስ ግን ገና አልተሰፋም።

ሲመሽ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጠመንጃው ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። አንዱ ወጣት ፈራ ተባ እያለ «ጋሼ፣ ጥይቱን አውጥተውታል?» አላቸው። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጠመንጃ ልታስተምረኝ ነው? አያቴ በ28 ማይጨው ዘምተዋል!» እውነት ነው፣ ዘምተው ይሆናል። የአያት ዘመቻ ግን ለልጅ ልጅ ጣት ፈቃድ አይሆንም ብሎ የሚከራከር አልተገኘም።

ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። አፈሙዙ ወጥ ቤቱን ያያል፤ እዚያ አንድ ልጅ ለሽሮ ሽንኩርት ይከትፋል። ሌባ ጣታቸው ቃታው ላይ አርፏል፣ እንዳይበርደው ይሆናል። ከዚያ ጀመሩት። ቻክ! ቻክ! ቻክ! ጥይቱ እንደ ፈንዲሻ ተረጨ። አንዱ ሶፋ ስር ገባ። አንዱ ረከቦቱን መትቶ ሲኒ ሰበረ። አንዱ የእርድ ዕቃ ውስጥ ተገኘ፣ ያውም በማግስቱ። «ባዶ ነው!» አሉና ግንባራቸውን ጠረጉ።

ለቀማ ተጀመረ። ጎልማሳ ወንዶች በእንብርክክ ምንጣፍ ይዳብሳሉ። የተገኘውም፣ ሲበር የታየውም ተደምሮ ሲቆጠር አምስት። ጠዋት የገባው ስድስት ነበር። እዚህ ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። ጋሼ መጀመሪያ «አምስት ነው የከተትኩት» አሉ። ፓኮው መጣ። የሃያ ጥይት ፓኮ ነው፤ አሥራ አራት ቀርቶታል። ሒሳቡ ያው ስድስት ነው። «ጠዋት አንዱን ተኩሻለሁ» አሉ። በምን ላይ? «በአጋዘን።» የትኛው አጋዘን? «ያመለጠው።» አብሯቸው የዋለው ሰው ተኩስ እንዳልሰማ መሰከረ። «አንተ ተኝተህ ነበር» ተባለ፣ እሱም አልካደም። በመጨረሻ ጋሼ ጥፋተኛውን አገኙት፦ ሱቁ! «አሥራ ዘጠኝ ጥይት ሃያ ብሎ ሸጦልኛል! እዚህ አገር እምነት የሚባል ነገር ጠፋ!» ስለ ነጋዴ እምነት ማጣት ለአሥር ደቂቃ ያህል ተወያየን። ስጋትም፣ ሽሮም፣ የኑሮ ውድነትም ተነሳ። ጠመንጃው ይህን ሁሉ ጊዜ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ ይሰማናል። ከፍቶ ለማየት ሁለት ሴኮንድ ይበቃ ነበር። ማንም አላሰበውም።

በዚህ መሃል ጋሼ ተነሱ። «እንዲህ ከምንጨቃጨቅ ላረጋግጥላችሁ» አሉ። አፈሙዙን ወደ ጣሪያው ቀሰሩና ቃታውን ሳቡ።

ጆሯችን ሲመለስ የመጀመሪያው የሰማነው የጋሼን ድምፅ ነው። «አያችሁ? አሁን ባዶ ነው።»

እውነታቸውን ነው።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ከዚያ ጣሪያ በላይ ቆጥ ነበር፤ ፍራሽ የተዘረጋበት ቆጥ። እዚያ ተኝቶ የነበረው ልጅ እራት ደረሰ ሲባል ወርዶ ነው የተረፈው። አጋዘን የሚጥል ጥይት ሳንቃና ፍራሽ አያቆመውም። ሁላችንም ስንት ለቅሶ ተቀምጠን «ባረቀበት» ሲባል ሰምተናል። ዕድሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ሰይጣን ነው። አይደለም! ጣት ነው። አንድ ደቂቃ የከበደው ሰነፍ ሰው ጣት ነው። ሰይጣን ቃታ ሲስብ ያየ የለም። ያንን ልጅ ብንቀብረው ኖሮ ጋሼ በሬሳ ሣጥኑ ፊት ቆመው «ባዶ መስሎኝ» ሊሉ ነበር፣ እኛም «እግዜር ያጽናዎት» ልንላቸው። አፍራለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ ያልተወደሱ ብዙ ናቸው። ባለ ሄንሪውን አንርሳ። ሄንሪ ከሚባሉት ጠመንጃዎች በብዙዎቹ ላይ የውስጡን ቱቦ ከፊት በኩል ስበህ ጥይቱን ማፍሰስ ትችላለህ። ወንድማችን ቱቦውን ያወጣል፣ ያራግፋል፣ «ባዶ ነው» ይላል። የጎረሰው አንዱ ጥይት ግን ቀድሞ ከቱቦው ወጥቶ የሚጎርስበት ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱ አይቆጠርም። ቱቦውን ሲስብ ፊቱን ከአፈሙዙ ፊት ለፊት የሚያደርግም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ጀግና ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ባለ አውራ ጣቱም አለ። የድሮው ዊንቸስተር እንዳይተኩስ የሚያግድ መቆለፊያ የለውም፤ መዶሻውን እስከ ግማሽ መልሰህ ታሳርፋለህ። ማርሊን በ1980ዎቹ መቆለፊያ ሲጨምር የድሮውን የሚወዱ ሰዎች «ጠመንጃውን አበላሹት» ብለው አለቀሱ። የኛ ሰው ታዲያ በኅዳር ብርድ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ በጎረሰ ጥይት ላይ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ያወርዳል። አፈሙዙ ጫማው ላይ ነው። አሥር የእግር ጣት አለው፣ ቢጎድል ከዚያው ነው። ጠመንጃውን እንደጎረሰ መኪና ውስጥ ወርውሮ በኋላ በአፈሙዙ ጎትቶ የሚያወጣውንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሕግ የሚከለክለው ነገር ነው፤ ግን ሕግ የወጣው ለጎረሰ ጠመንጃ ነው፣ የሱ ባዶ ነው።

አባቶቻችን «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይላሉ። ያዢውም ይፈራል፣ የተያዘበትም ይፈራል። በኛ ዘመን ተሻሽሏል፤ ያዢው መፍራት ትቷል፣ ድርሻውን ለኛ አስረክቧል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ጠመንጃ ስትቀበል ከፍተህ ካየህ ይኮረፋል። «አላመንከኝም?» ይባላል። ሽማግሌ ይላክብሃል። እኔ እንኳ ጋሼን አምናቸዋለሁ፤ ገንዘቤንም ቤቴንም አምናቸዋለሁ። ጠመንጃውን ግን አላውቀውም፣ አያቱም የት እንደዘመቱ አልነገረኝም።

ዘንድሮም ኅዳር ላይ ያው ቡድን ያው ተራራ እንደሚወጣ ሰምቻለሁ። ጋሼ አዲስ ማርሊን ገዝተዋል አሉ። መልካም አደን። ለኔ ቦታ አትያዙልኝ። ሥጋውን ግን ለገና ላኩልኝ።